የወንዙ ቀኝ

ሁለት ቀን ሙሉ ያኳረፈን አንድ ቃል ነው፤ "ቀኝ"።

እኔ የጀልባችንን መሪ ይዣለሁ። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ የወንዙን መምሪያ መጽሐፍ ያነብልኛል። ወንዙ ከፊታችን እየታጠፈ ነው። "ቀኝ ዳርቻውን ያዝ ይላል" አለኝ። ያዝኩ። ደቂቃ ሳይሞላ ከሥራችን ጆንያ ጠጠር ላይ ሲጎተት የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን ትንሽ ቀና አደረገችና ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፣ የዳርቻው ዛፎች ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። አሸዋ ላይ ወጥተናል።

"ቀኝ አልኩህ እኮ!" አለኝ።

"ቀኝ ነዋ የያዝኩት!" አልኩት።

ሁለታችንም እውነታችንን ነበር። ነገሩ የገባን ግን ዘግይቶ ነው። የወንዝ ቀኝና ግራ የሚለየው አንተ በምትሄድበት አቅጣጫ አይደለም። ፊትህን ውሃው ወደሚወርድበት አዙረህ ስትቆም በቀኝ እጅህ በኩል የሚውለው ነው ቀኝ ዳርቻ የሚባለው። ሽቅብ ብትሄድ፣ ቁልቁል ብትሄድ፣ ካቢን ውስጥ ተኝተህ ብታንኮራፋ ወንዙ ግድ የለውም፤ የራሱ ቀኝ አለው። እኛ ሽቅብ ነበር የምንሄደው። ስለዚህ መጽሐፉ ቀኝ ያለው በእኔ ግራ በኩል ነበር።

በአውሮፓ ወንዞች ላይ ያሉት ተንሳፋፊ ምልክቶችም በዚሁ ደንብ ነው የሚቀመጡት። ቀዩ የመተላለፊያውን ቀኝ ጠርዝ፣ አረንጓዴው ግራውን ያሳያል፤ ሽቅብ ለሚሄድ ሰው ቀዩ በግራው ይውላል። ባሕር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከባሕር ወደ ወደብ ስትገባ አብዛኛው ዓለም ቀዩን በግራህ ያደርግልሃል፤ የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ አገሮች፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ፊሊፒንስ ግን በቀኝህ። ይህን ሁሉ አሁን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። ያን ቀን ግን አላውቅም ነበር፤ በዚያ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ቀይም አረንጓዴም ምልክት አልነበረም።

አራት ነበርን። መጽሐፍ አንባቢው ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ሁላችንም "መምህር" ነው የምንለው፣ ስንቀልድም ስንናደድም። ነርስ የሆነች ጓደኛችን አለች። አራተኛው ሻይ ማፍላት የሚወድ፣ በቀን ሃያ ቃል የማይናገር ሰው ነው። ጀልባዋን ለአንድ ሳምንት ተከራየናት። ርዝመቷ 11 ሜትር ነው፤ ሁለት ጠባብ መኝታ ክፍል፣ ቁመትህን አጥፈህ የምትገባበት መታጠቢያ፣ አንድ ምድጃ አላት። ከዚያ በፊት አንዳችንም ጀልባ ነድተን አናውቅም። እንዲህ ያሉ ዝግ ብለው የሚሄዱ ጀልባዎችን በአንዳንድ አገር ያለ መንጃ ፈቃድ ያከራያሉ። እኛም የሠለጠንነው 40 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አሥሩ ስለ መጸዳጃ ቤቱ አጠቃቀም ነበር።

ከመኪና የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው መሪ ላይ ነው። መኪና በፊቱ ይታጠፋል፣ ኋላው ይከተላል። ጀልባ ግን የሚታጠፈው በጅራቱ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር የኋላው አካል ወደ ግራ ይወረወራል፤ አፍንጫው የሚዞረው በዚያ ምክንያት ነው። ከግንብ ልትርቅ ስትል ጅራትህ ግንቡን ይመታል። በዚያ ላይ ጀልባ ይዘገያል። አዙረህ ትጠብቃለህ፣ ምንም የለም፤ ትጨምራለህ፣ አሁንም ምንም የለም፤ ከዚያ ሁለቱ ትእዛዞችህ በአንድ ጊዜ ይደርሱና ከሸምበቆው ውስጥ ትገባለህ። የመጀመሪያውን ሰዓት ወንዙን ዳር እስከ ዳር ስንሰፋው ነበር የዋልነው። ፍሬን የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ማቆሚያህ ማርሽ ኋላ ብቻ ነው፤ ማርሽ ኋላ ስታስገባ ፕሮፔለሩ ጅራቱን ወደ አንድ ጎን ይስባል። ወደየትኛው ጎን እንደሚስብ ጀልባዋ ራሷ እስክትነግርህ ድረስ አታውቅም።

የጀልባዋ ፍጥነት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በዳርቻው መንገድ ቢሄድ አብሮን ይውላል። በእንግሊዝ ጠባብ ቦዮች ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል፣ ማለትም ወደ 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ የሄደ ጀልባ ከኋላው የሚያስነሳው ማዕበል ዳርቻውን ይንዳል፣ ታስረው የቆሙ ጀልባዎችንም ያናውጣል። እንዲህ ቀስ ተብሎ ሲኬድ የሚደርስብህ ጥፋትም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አሸዋው ላይ ስንወጣ ማንም አልወደቀም። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም።

የተሰበረው ሌላ ነገር ነው። "መጽሐፍ ማንበብ የማትችል ከሆነ ለምን ያዝከው?" አልኩት ለመምህር። ሃያ ዓመት የማውቀውን፣ ማንበብ ሥራው የሆነን ሰው። እሱም አልተኛልኝም፤ "አንተ ሁልጊዜ የምትሰማው ግማሹን ነው" አለ። "ሁልጊዜ" የምትለዋ ቃል ከአሸዋው ይልቅ ወደ ኋላ ወሰደችን። ከጀልባው ጋር ምንም የማይገናኝ፣ አሥር ዓመት የሞላው፣ ወንዝ የማያሻግር ነገር ሁሉ ተነሳ። እዚህ አልጽፈውም።

ሞተሩን ኋላ አድርጌ ረገጥኩት። ነርሷ መጥታ እጄን ከማርሹ ላይ አነሳችው። "አሸዋ እያስጠጣኸው ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እንዲህ ያሉ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት ከሥር በሚስቡት የወንዝ ውሃ ነው፤ አሸዋ ላይ ተቀምጠህ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ፓምፑ አሸዋ ይውጣል። ሞተሩን አጠፋች። ሁላችንም ወደ ኋላ ሄደን ቆምን፣ አፍንጫው ቀለል እንዲለው። አልሆነም። ረጅም ዘንግ አውጥተን ገፋን። ዘንጉ ራሱ አሸዋው ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

ያዳነን የጭነት መርከብ ነው። ከላይ፣ ከመታጠፊያው በስተጀርባ ረጅም ጡሩምባ ነፋና ብቅ አለ። አሸዋ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል። ወንዝ ላይ ቁልቁል የሚመጣ ሰው ነው ቅድሚያ ያለው፤ ውሃው ከኋላ ስለሚገፋው ልቁም ቢልም አይሆንለትም። እሱ ከዳር እስከ ዳር ካለው ስፋት ውስጥ የሚሄድበትን መስመር ጠንቅቆ ያውቃል፤ በመታጠፊያው ውጨኛ ጎን፣ ከግራችን፣ ዛፎቹን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈ። መጀመሪያ ውሃውን ከሥራችን ሳበው፤ ጀልባችን ጭራሽ ጋደል ብላ በጎኗ ልትተኛ ምንም አልቀራት። ቀጥሎ ማዕበሉ መጣና ከፍ አደረጋት። ነርሷ አፍታ አልፈጀችም፤ ሞተሩን አስነስታ በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ አወጣችን። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መሪውን አልመለሰችልኝም። መብቷ ነበር።

ሰዎች ቤት ውስጥ ሲኮራረፉ አንደኛው በሩን ዘግቶ ይወጣል። ትንሽ ዞር ብሎ ንፋስ ተቀብሎ ይመለሳል። 11 ሜትር ጀልባ ላይ ወዴት ትወጣለህ? እኔ ፊት ስቀመጥ እሱ ኋላ ይቀመጣል፤ እሱ ወደ ፊት ሲመጣ ጎን ለጎን የምንተላለፍበት መረማመጃ የአንድ ጫማ ስፋት ስለሆነ አንዳችን የሌላውን ትከሻ ሳይዝ ማለፍ አይችልም። ሆድና ጀርባ ሆነን በቀን አሥር ጊዜ እንተቃቀፋለን ማለት ነው። ዝምተኛው ጓደኛችን ሊያስታርቀን አልሞከረም። ለሁለታችንም ሻይ ያቀብላል፣ ስኳሩን ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያስቀምጠዋል።

በሁለተኛው ቀን ወንዙን ትተን ወደ ቦይ ገባን። ቦዩ አንድ ኮረብታ በአምስት ሎክ ይወጣና በአራት ሎክ ወርዶ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ሎክ ማለት በሁለት በሮች መሐል ያለ የውሃ ክፍል ነው። ከታች ትገባለህ፣ ከኋላህ ይዘጋል፣ ከላይኛው በር በኩል ትንንሽ መስኮቶች ተከፍተው ውሃ ይለቀቃል፤ ክፍሉ ሲሞላ አንተም አብረህ ትነሳለህ። ላይኛው በር ተከፍቶ ትወጣለህ። ፓምፕ የለውም። የሚሠራው የውሃው ክብደት ብቻ ነው። ሁለቱ የበር ሳንቃዎች ሲገጥሙ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይሆኑም፤ ጫፋቸው ወደ ላይኛው ውሃ የሚያመለክት ቀስት ይሠራሉ። ስለዚህ ውሃው በገፋቸው ቁጥር ይበልጥ ይጣበቃሉ። ይህን አሠራር ለሚላኖ ቦዮች የነደፈው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው ይባላል። በውስጥና በውጭ ያለው ውሃ ልኩ እስኪገጥም ድረስ አሥር ጉልበተኛ ቢገፋ ያን በር አይከፍተውም። ልኩ ሲገጥም ግን ወገብህን አስደግፈህ ዝግ ብለህ ወደ ኋላ መራመድ ብቻ ነው።

ቻይናዎች ነገሩን ቀድመው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ984 ቺያኦ ዌይዩዌ የተባለ የመንግሥት ሹም በታላቁ ቦይ መስመር ላይ ሁለት በር ያለው ሎክ ያሠራው በሌብነት ተማርሮ ነው። ከዚያ በፊት እህል የጫኑ ጀልባዎች ከፍታ ሲገጥማቸው በተዳፋት ላይ እየተጎተቱ ነበር የሚወጡት፤ በዚያ ላይ ሲሰባበሩ እህሉ ይበተናል፣ የተበተነውንም እዚያው ያሉት ሠራተኞች ይካፈሉታል። የብልሃት ምንጩ ሁልጊዜ ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ ግን ልቤን የሚነካው ፒየር ፖል ሪኬ ነው። የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር፣ መሐንዲስ አልነበረም። በደቡብ ፈረንሳይ ከቱሉዝ ተነስቶ ሜዲትራኒያን ዳር የሚደርሰውን 240 ኪሎ ሜትር የካናል ዱ ሚዲን ቦይ እ.ኤ.አ. በ1666 ሲጀምር የራሱን ሀብት ጭምር አፈሰሰበት። መጀመሪያ የሠራው የሎክ ግድግዳ የአፈሩን ግፊት አልቻለም፤ ተናደ። ከዚያ በኋላ ሎኮቹን እንደ እንቁላል ሞላላ አድርጎ ሠራቸው፣ ጎባጣው ግድግዳ አፈሩን ተደግፎ እንዲይዝ። ዛሬም እንደዚያው ናቸው። ቦዩ የተከፈተው በ1681 ነው፤ ሪኬ የሞተው በ1680። ወራት ቀርተውት።

ይህን ያነበብኩት በሁለተኛው ቀን ማታ፣ መምህር ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ከሄደው መጽሐፍ ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር። ልነግረው የምፈልገው ሰው ግን ያው እሱ ራሱ ነው።

ወደ ሎክ ስትገባ ሁለት ሰው ገመድ ይይዛል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ገመዱ ከጀልባዋ ተነስቶ በዳርቻው ላይ ያለውን የብረት ጉቶ ይዞርና ወደ እጅህ ይመለሳል። ሲሞላ እየሰበሰብክ፣ ሲጎድል እየለቀቅክ ትይዘዋለህ። ይህ ሁሉ በሁለቱም ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ የፊቱ ሰው ላላ ካደረገ አፍንጫዋ ትሸሻለች፣ የኋላው ካጠበቀ ጅራቷ ግድግዳ ትነክሳለች። ስለዚህ የፊቱና የኋላው ሰው መተያየት አለባቸው። ነርሷ መሪ ላይ ናት፤ ዝምተኛው በሮቹን ለመግፋት ዳርቻ ላይ ወርዷል። ቀሪዎቹ እኔና መምህር ነን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ሽቅብ የወጣናቸውን አምስት ሎኮች እንዲህ ሳንነጋገር፣ በዓይን ብቻ ወጣናቸው። በአገጩ "ሳብ" ይለኛል፣ እስባለሁ። ኩርፊያችን አልለቀቀንም፣ ሥራው ግን አማረ።

መውረድ ሌላ ነው። ስትወርድ ውሃው በጸጥታ ነው የሚሸሸው፤ ስትወጣ እንደሚሰማህ የሚያጓራ ነገር የለም። ልብ አትለውም። ሁለት ትልልቅ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ጀልባውን ወደ ኋላ ማስጠጋት ነው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ክፍሉ የገባ የግንብ ደፍ አለ፤ ጅራትህ በደፉ ላይ ካረፈ ውሃው ሲወርድ አፍንጫህ ብቻ አብሮት ይወርዳል። ሁለተኛው ገመዱን ማሰር ነው። ያዘው እንጂ አትሰረው። በ40 ደቂቃው ሥልጠና ውስጥ ይህ ሦስት ጊዜ ተነግሮናል።

በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ቁልቁል ሎክ ላይ፣ አሰርኩት።

ድካም አልነበረም። ገመዱን ከያዝኩ ፊቱን ማየት አለብኝ፤ ያን ዕለት ጠዋት ፊቱን ማየት አልፈለግኩም። ጀልባዋ ላይ ባለው ብረት ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩና ቋጠርኩት፤ ጀርባዬን ሰጥቼ የሻይ ብርጭቆዬን አነሳሁ። ግድግዳው አረንጓዴ አተላ ለብሷል፣ ከስንጥቁ ትንሽ ፈርን በቅሏል። እሱን አያለሁ። ከዚያ ሻዩ በብርጭቆዬ ውስጥ ወደ አንድ ጎን መሄድ ጀመረ።

ሻዩ ሳይሆን ጀልባዋ ነበረች ያዘነበለችው። ውሃው ወርዷል፣ የኋላ ጥጓ በእኔ ገመድ ተንጠልጥላ ቀርታለች። ገመዱ ክር መሰለ፤ ውሃ ጠብ ጠብ እያለበት እንደ ማሲንቆ ጅማት ያለ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ከካቢኑ ውስጥ ሳህን ሁሉ ተንሸራቶ ሲንኮታኮት ሰማሁ። ቋጠሮውን ልፈታ ተንደረደርኩ። ያን ያህል ክብደት የያዘ ቋጠሮ አይፈታም፤ ድንጋይ ሆኗል። ጣቴን ላስገባ ስል፣ "እጅህን! እጅህን አውጣ!" የሚል ጩኸት መጣ። መምህር ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል። በጠባቡ መረማመጃ ላይ ቢላ ይዞ እየሮጠ ነው።

የሎኩ ጠባቂ፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ፣ ከላይ ሁለቱንም መዳፋቸውን ዘርግተው "ተው፣ አትቁረጡት" በሚል ምልክት አስቆሙት። እንደዚያ የተወጠረ ገመድ ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ እንደ ጅራፍ ያገኘውን ይመታል። የታችኛውን መስኮቶች ዘጉ። ሳይሮጡ ወደ ላይኛው በር ሄደው ትንሽ ከፈቱ። ውሃ ገባ። በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ጀልባዋ ቀና አለች፤ ገመዱም እንደገና ገመድ ሆነ። ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ እኔን፣ አንድ ጊዜ ቋጠሮዬን አዩ።

መምህር ቢላዋን አጠፈ። እጁ ይንቀጠቀጣል። "ለምን አሰርከው?" አለኝ።

"እንዳልይዘው" አልኩት።

እሱም ቁጭ ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ እኔም። የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ነርሷ ከመሪው ላይ ሆና "ሦስት ሳህን" አለች።

አመሻሽ ላይ ሐይቁ ውስጥ ገባን። ወንዝና ቦይ የለመደ ሰው ሐይቅ ሲያይ ተገላገልኩ ይላል፤ ሰፊ ነው፣ መታጠፊያ የለው፣ ሎክ የለው። ሐይቅ ግን እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው። ንፋስ በውሃ ላይ ሳይደናቀፍ የሚሄድበት ርቀት በረዘመ ቁጥር ማዕበሉ ያድጋል፤ ጥልቀቱ በጎደለ ቁጥር ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ተከታትሎ የሚመታ ይሆናል። ከባሕር ማዕበል ያንሳል፣ ለትንሽ ጀልባ ግን ይከፋል፤ አንዱን ወጥተህ ሳትጨርስ ቀጣዩ ፊትህ ላይ ነው። ትልቅ መርከብስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1975 በሰሜን አሜሪካው ሱፒሪየር ሐይቅ ላይ የሰጠመችው ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ 222 ሜትር ርዝመት ነበራት። የነበሩባት 29 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ያውም ጨው በሌለው ውሃ፣ በየብስ መሐል።

እኛ መሐል አልገባንም። ከንፋስ የተከለለች አንዲት ወሽመጥ አግኝተን መልሕቅ ጣልን። መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። የሚይዘው ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተኝቶ በጎን ሲጎትተው ነው፤ ሽቅብ ከተጎተተማ ይነቀላል። ስለዚህ ብዙ ትለቅለታለህ። ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ 1 ሜትር፣ ድምሩ 5። ለምሳ ዕረፍት አምስት እጥፉን፣ ለሌሊት ሰባት እጥፉን። 35 ሜትር ለቀቅን። ነርሷ ምድጃው መጥፋቱን፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን አይታ፣ "ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሳትነቁ ነው የሚገላችሁ" ብላ የካቢኑን አየር ማስገቢያ እንዳንደፍን አስጠንቅቃን ተኛች።

እኔና መምህር የመጀመሪያውን ጥበቃ ወሰድን። መልሕቅ መንሸራተቱን የምታውቀው በጣም በቀላል ዘዴ ነው። ዳር ላይ አንድ ዛፍ፣ ከኋላው ደግሞ አንድ መብራት ትመርጣለህ፤ አንዱ በሌላው ላይ የገጠሙ። በየጊዜው ታያለህ። ከተለያዩ ተንቀሳቅሰሃል። ጀልባዋ በመልሕቁ ዙሪያ ስለምትወዛወዝ ትንሽ ይለያዩና ይመለሳሉ። ሲለያዩ ልብህ ይሰቀላል፣ ሲገጥሙ ይመለሳል። ሌሊቱን በሙሉ ወሬያችን በዚያ ልክ ነበር።

መምህር ቅጠል ሻይ በብርጭቆ አቀረበልኝና በማንኪያ አማሰለው። "እስቲ እየው" አለኝ፣ የእጅ ባትሪውን አብርቶ። ሲሽከረከር የነበረው ቅጠል ወደ ዳር መሸሽ ሲገባው ታች መሐል ላይ ተሰበሰበ። "ከባድ ነገር ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይወጣል ትላለህ አይደል? ይሄ ለምን ወደ ውስጥ መጣ?" አላውቅም አልኩት። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1926 ይህችኑ የሻይ ብርጭቆ ይዞ የወንዞችን መታጠፍ ያስረዳበት ጽሑፍ አለው። ላይኛው ውሃ ፈጣን ስለሆነ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የታችኛው ከብርጭቆው ወለል ጋር ስለሚፋተግ ይዘገያል፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ቅጠሉንም ይዞ ይመጣል። ወንዝ መታጠፊያ ላይም እንደዚያው ነው። ላይኛው ውሃ ውጨኛውን ዳርቻ እየበላ ያጠልቀዋል፤ የታችኛው አሸዋውን ወደ ውስጠኛው ጎን ተሸክሞ ያከማቻል።

"ስለዚህ" አልኩት፣ "የመጽሐፉን ቀኝ ባላውቅም መታጠፊያውን ባይ ኖሮ ይበቃኝ ነበር።"

"እኔም መጽሐፉ ላይ ተደፍቼ ወንዙን አላየሁትም" አለ። "ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ደግሞ።"

መብራቱና ዛፉ ተለያዩ። ሁለታችንም ዝም አልን። ተመልሰው ገጠሙ።

ከዚያ የሪኬን ታሪክ ነገርኩት። አንብቦታል ለካ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። እሱ በፈንታው በስኮትላንድ ያለውን ፎልከርክ ዊል የተባለውን መንኮራኩር አነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተ፣ ጀልባዎችን ከነውሃቸው ተሸክሞ 24 ሜትር የሚያወጣና የሚያወርድ። በአንዱ ክንድ ባዶ ውሃ፣ በሌላው ጀልባ ያለበት ውሃ ቢኖር ሁለቱ እኩል ይመዝናሉ፤ ጀልባው ሲገባ የክብደቱን ያህል ውሃ አስወጥቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ያን ግዙፍ ነገር ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ሲያስረዳኝ በሁለት እጁ ሁለት ብርጭቆ ይዞ ነበር። አንዱን ጀልባዋ ስትወዛወዝ ጉልበቴ ላይ ደፋው።

መመለሻችን በመጣንበት ነው። አራቱን ሎክ ወጣን፣ አምስቱን ወረድን፤ ገመዱ እጄ ላይ ነበር። መዳፌ ውስጥ አሁንም ትንሽ ጠባሳ አለ። በስድስተኛው ቀን ወንዙ ውስጥ ገብተን ቁልቁል ስንሄድ ነርሷ መሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰችልኝ። ቁልቁል መንዳት ከባድ ነው። ውሃው አብሮህ ስለሚሄድ፣ ከውሃው ትንሽ ካልፈጠንክ መሪው የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ቀስ ልበል ስትል ጭራሽ ተንሳፋፊ ግንድ ትሆናለህ።

ያ መታጠፊያ ደረሰ። መምህር መጽሐፉን ገልጦ "ቀኝ ዳርቻውን ያዝ ይላል" አለኝ።

"የማንን ቀኝ?" አልኩት።

ቀና ብሎ ውሃውን አየ፣ መጽሐፉን አየ፣ እኔን አየ። "ዛሬ አንድ ነው" አለ።

ያዝኩ። ዛፎቹ ጥላቸውን ጣሪያችን ላይ እየጎተቱ አለፉ። በግራችን፣ ያን ቀን ቆመን በተጯጯህንበት ቦታ፣ አንድ ሳቢሳ ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንኳ ሳይደርስበት ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል።